የሰአዳ ገሎች

የሰአዳ ወንድም ሙሄ ከአምባሰል ወርዶ መጣና በራፌ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም።

"እትዬ ሙሉ፣ ለእርስዎ ሳንነግር ማድረጉ አልሆነልንም" አለኝ። "በመጪው ጁምዓ ለሰአዳ ሶላተል ጋኢብ ልንሰግድላት ነው። እዚሁ ሐይቅ። የጠፋችበት ቦታ ይሁን ተባለ።"

ሶላተል ጋኢብ አስከሬኑ በሌለበት ሰው ላይ የሚሰገድ የቀብር ሶላት ነው። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ወሎ ተወልጄ ወሎ ያረጀሁ ነኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላጣውም። ቤተሰቡ መጠበቁን ተወ ማለት ነው።

"እናትህ ፈቀዱ?" አልኩት።

"በቃ ያለችው እሷ ናት።"

ከዚያ ዐይኑ ከትከሻዬ በላይ ወደ ግቢው ጥግ፣ ሳፋዎቹ ወደተደረደሩበት መደብ ሄደ። "ገሎቹ አሁንም አሉ?" አለ።

"አሉ።"

"ይሠራሉ?"

"ይሠራሉ።"

ራሱን ነቀነቀና ባጃጅ ወደቆመበት ወረደ። እኔም በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ስለ ሰአዳ አንድ ነገር መጻፍ እንዳለብኝ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ሰአዳ ደሴ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር ልጅ ነበረች። ልጅ የምላት ከኔ ዕድሜ አንጻር ነው እንጂ ከሠላሳ ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ የማትሰማ ሴት ነበረች። ወደ ሐይቅ ከተማ የመጣችው የለውጡ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ነገር ነበረው። ወጣቶች የሐይቁን ዳር ያጸዳሉ፣ ስብሰባ በየሳምንቱ ይጠራል፣ በየግድግዳው አዲስ ቀለም ይቀባል። እኔ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ጡረታ ወጥቼ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ሄደው፣ ግቢው ባዶ ስለሆነብኝ አንዷን ክፍል ላከራይ አስቤ ነበር።

ቤቱን ልታይ የመጣች ዕለት ክፍሉን አላየችም። ግቢው መሀል ቆማ ሰማይ ሰማዩን ነው ያየችው።

"ፀሐይ እዚህ በስንት ሰዓት ትደርሳለች እትዬ? የዚያ ግራር ጥላስ እስከ የት ይመጣል?"

"ልጄ፣ ቤት ነው የምትከራዪው ወይስ ፀሐይ?" አልኳት።

"ፀሐዩን ነው። ቤቱ ምራቂ ነው" አለች ሳትስቅ። ቆይታ ነው ፈገግ ያለችው።

ከግቢዬ ጀርባ አለላ የሚያቀልሙ ሴቶች አሉ። አለላ ለሰፌድና ለመሶብ ስፌት የሚሆን፣ ቀለም የጠጣ አክርማ ነው። ከገበያ የሚገዛውን የዱቄት ቀለም በድስት አፍልተው ሣሩን ይነክሩታል፤ ሲጨርሱ ውሃውን ቦይ ውስጥ ይደፉታል። ቀይ በቀለሙ ቀን ቦዩ ቀይ ይሄዳል፤ ወይን ጠጅ በቀለሙ ቀን ወይን ጠጅ። ቦዩ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔም ስፌት እሰፋለሁና ቀለሙ ከእጄ አይጠፋም። ሲወርድ እያየን አርጅተናል፤ ማናችንም የት እንደሚደርስ አልጠየቅንም። ሰአዳ የመጣችው ያንን ጥያቄ ይዛ ነው።

ሥራዋን እንደገባኝ ልናገር። ነጭ ዱቄት አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ውስጥ ያለውን ቀለም የሚሰባብር። ግን ነጩ ዱቄት ቀበጥ ነው ትል ነበር። "ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዐይን የማያያትን፣ ጥቂቷን ብቻ መርጦ ይበላል። የቀረውን ሁሉ ገፍቶ ይተወዋል። እኔ ትንሽ ብረት ቀላቅዬ እሳት አገባዋለሁ። ያኔ ወደ ቢጫ ይለወጥና ያገኘውን መብላት ይለምዳል።" እንዲህ ስታወራ ስለ ዱቄት ሳይሆን ስለ አስቸጋሪ የእህት ልጅ የምታወራ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ችግር ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ መልሶ አለመውጣቱ ነው። "ቀለሙን አውጥቼ ዱቄቱን ከተውኩበት ምን ሠራሁ?" አለች። ስለዚህ ዱቄቱን በገል ላይ ልታጣብቀው አሰበች። የተሰበረ እንስራ፣ የተሰበረ ጋን፣ የተሰበረ ማሰሮ እየለመነች ትሰበስብ ጀመር። ገሉን አጥባ፣ ቢጫውን ቀብታ፣ ደሴ ወስዳ በትልቁ ምድጃ አቃጥላ ትመልሰዋለች። ሰፈሩ "ገል ለቃሚዋ" አላት። እንስራ የሰበረች ሴት ከመናደዷ በፊት ሰአዳን ትጠራ ነበር።

ከአለላ አቅላሚዎቹ ሁሉ አንደበቷ የሰላ ዘሀራ ናት፤ ግቢያችን በአንድ አጥር ነው የሚለየው። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ የመጀመሪያዎቹን ሳፋዎች ያየች ዕለት እንዲህ አለቻት፦

"አንቺ ልጅ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም እንዳይለቅ ስታገል፣ አንቺ ቀለም ለማስለቀቅ ተማርሽ?"

"እርስዎ ሣሩ ላይ ያቆዩት፣ እኔ ከውሃው ላይ ላንሳው። አንጣላም እትዬ ዘሀራ።"

"ወላሂ ትምህርት ጠፋ! ውሃ ማጠብ ትምህርት ሆነ?"

"ውሃው ካልታጠበ እኛ በምን እንታጠባለን?"

ዘሀራ ሳቀችና የቀይ ቀለሟን ትራፊ በጣሳ አቀበለቻት።

ሳፋዎቹን ግቢው ጥግ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ደረደረቻቸው። ከታች ገል ታነጥፋለች፣ ከላይ የቀለሙን ውሃ ትሞላለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ጠዋት እንደ በርበሬ የቀላው ከሰዓት በኋላ የሮዝ ይሆናል፣ ቀጥሎ እንደ ገለባ እጣቢ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምንጭ ውሃ መስሎ ያድራል። አንዷን ሳፋ ግን ገሉንም ቀለሙንም አድርጋባት በጣውላ ትከድናታለች። ያቺ እንደቀላች ትቀራለች።

"ይቺ ምን አድርጋ ነው ፀሐይ የተከለከለችው?" አልኳት።

"ምስክር ናት እትዬ። እሷ ባትኖር ቀለሙ በራሱ ጠፍቶ ይሆናል ይሉኛል። ምስክር የሌለው ነገር ወሬ ነው።"

በብርጭቆ ቀድታ ወደ ሰማይ ታነሳዋለች። ግራ ዐይኗን ትጨፍናለች። ምላሷን አንዴ ቀጭ ታደርጋለች። ይህንን ሳታደርግ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። የጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን የአምባሰልን ዜማ ያለ ግጥም ታንጎራጉራለች፤ ግጥሙን ስጠይቃት "ግጥሙን ለሚችሉት ትቼዋለሁ" ትላለች።

ከአፏ የማይጠፋ አንድ አባባል ነበራት፦ መጥራት ሌላ፣ መንጻት ሌላ። የመጀመሪያው ሳፋ የጠራ ቀን እኔ ደስ ብሎኝ "ሠራልሽ!" ስላት ይህንን ነው ያለችኝ። "ቀለሙ ሲሰበር ስብርባሪው ይቀራል። ስብርባሪው ለዐይን አይታይም፤ አንዳንዱ ግን ከቀለሙ ይብሳል። እስከ መጨረሻው ተፈጭቶ እስኪያልቅ ድረስ ውሃው አልነጻም። ማለቁን ደግሞ ዐይን አያውቀውም፣ ደሴ ያለው መሣሪያ ነው የሚያውቀው።"

"ታዲያ እስከዚያ ምንድን ነው?"

"እስከዚያ ቀለሙ የጠፋ መርዝ ነው" አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሁሉ የደስታ ወሬ መሀል የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን አንድ ኃላፊ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏቸው ግቢዬን ሞላው። ቦዩን በሲሚንቶ አሠርተው ሥሩን በሰአዳ ገል ሊያነጥፉት ቃል ተገብቶ ነበር፤ የሷም ምኞት ይኸው ነበር። ኃላፊው ከጠራው ሳፋ በብርጭቆ አስቀድተው ወደ ካሜራው ዞሩ።

"ይህ ውሃ ትናንት እንደ ደም ቀይ ነበር። ዛሬ እኔ በፊታችሁ እጠጣዋለሁ!"

ብርጭቆው ከንፈራቸው ሳይደርስ ሰአዳ ከእጃቸው ወሰደችው። ቀስ ብላ ነው የወሰደችው፣ ከሕፃን እጅ ምላጭ እንደሚወሰድ።

"ጌታዬ፣ አይጠጡት።"

"ንጹህ ነው አላልሽንም እንዴ?"

"ጠራ ነው ያልኩት።"

ከአጥሩ ላይ ዘሀራ "አቤት አላህ! ውሃ የተነጠቀ ሹም ዛሬ ገና አየሁ!" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። ኃላፊውም ሳቁ። ሲስቁ ግን ዐይናቸው ሰአዳ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቦዩ የጠራን ሰው የለም።

ሰው ከወጣ በኋላ "ቢጠጡት ምን ይሆኑ ነበር?" አልኳት።

"አንድ ብርጭቆ ነው፣ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ።"

"ታዲያ?"

"በቴሌቪዥን ያየ ልጅ ሁሉ ነገ ከቦዩ ይጠጣል።"

"ዝም ብትዪ ቦዩ ይሠራልሽ ነበር።"

"ይሠራ ነበር" አለች። ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው።

የለውጡ ወሬ እየቀዘቀዘ የጦርነቱ ወሬ እየሞቀ ሄደ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ በሬዲዮ የምንሰማው የሌላ አገር ነገር ይመስል ነበር። ከዚያ መንገዱ መሙላት ጀመረ። ከወልዲያ በኩል ፍራሽ የተጫነባቸው መኪናዎች፣ ቀጥሎ ጋሪዎች፣ ቀጥሎ በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች ይወርዱ ጀመር። በኛ ሰፈር ልማድ መንገደኛ ውሃ አይለምንም። በየበሩ ማሰሮ ይቀመጣል፣ ጣሳ ይደፋበታል፤ የሰደቃ ውሃ ነው፣ የተጠማ ሳይጠይቅ ቀድቶ ይጠጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም ቤት እንዲሁ ነው። ያን ሰሞን ማሰሮዎቹን እየሞላን አንዘልቃቸውም ነበር።

አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ በራፌ ላይ ካለው ማሰሮ ልትቀዳ ብላ ባዶ ሆነባት። በሩ ክፍት ነበር። መደቡ ላይ ጥርት ያለ ውሃ በሳፋ ተሞልቶ አየች። ለመንገደኛ የተቀመጠ እንጂ ሌላ ምን ይመስላታል? ጣሳውን ነከረችና ለልጇ አቀረበችለት። ሰአዳ ከክፍሏ ወጥታ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጣሳውን መታችው። ውሃው ልጁ ላይ ፈሰሰ።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ባዶ ጣሳውን አየችው፣ ሰአዳን አየቻት። "ውሃ ትከለክያለሽ?" አለች። "አገሬን የተከለከልኩት አነሰኝ?"

ሰአዳ ልታስረዳት ሞከረች፤ እኔም ከቤት ውሃ ይዤ ወጣሁ፤ አልተቀበለችንም። ልጇን እንዳዘለች ወጥታ ሄደች። እስከ ማታ ወሬው ገበያው ደረሰ፦ እትዬ ሙሉ ግቢ ያለችው ልጅ ለተፈናቃይ ውሃ ትከለክላለች። በኛ አገር ከዚህ የከፋ ስም የለም።

በማግስቱ ሰአዳ የጠሩትን ሳፋዎች አንድ በአንድ እየዞረች ከዘሀራ ቀለም ቆንጠር እያደረገች ስትጨምርባቸው አገኘኋት። የጠራው ሁሉ መልሶ ቀላ።

"ደግሞ ምን እያደረግሽ ነው?"

"የጠራ ውሃ ለተጠማ ሰው ግብዣ ነው እትዬ። ቀይ ከሆነ ማንም አይነካው።"

"ልፋትሽስ?"

"አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁኝ፦ ገሉ ተደጋግሞ ይሠራል ወይ? አንዴ ሠርቶ የሚሞት ከሆነ ማን ቦይ ያነጥፍበታል? ይኸው በየቀኑ አቀላዋለሁ፣ በየቀኑ ፀሐይ ታጠራዋለች። እስከሚደክም ልየው።"

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ይህ ሆነ። ከውሃ ላይ ቀለም ለማንሳት የተማረችው ልጅ ማታ ማታ ቀለም ትጨምራለች። ዘሀራ እንኳ አልቀለደችም። ዜማዋም ያን ሰሞን ቆመ፤ የቆመበትን ቀን ልብ አላልኩትም፣ ቆሞ ነው ያገኘሁት።

የመድፉ ድምፅ መስኮት ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰፈሩ ወደ ደሴ መሸሽ ያዘ። መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የውሃው ሞተር ቆመ፤ በጀሪካን ከሐይቁ እየቀዳን አፍልተን እንጠጣ ጀመር። "ምንጩ ተመርዟል፣ ጅረቱ ላይ መርዝ ተጥሏል" የሚል ወሬ ተነሳ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ሰምቶታል።

"ሂጂ" አልኳት። "አንቺ መንግሥት ቤት የምትሠሪ የተማርሽ ሰው ነሽ። እኔን አሮጊቷን ማን ይነካኛል?"

"አንቺስ በዚያ ጉልበትሽ የት ትደርሻለሽ?"

"እኔ የትም አልሄድም።"

"እኔም ገሎቼን ማን ያይልኛል?" አለች። "ሰማዩ እንዲህ የሚጠራበት ወር ዓመት ጠብቆ ነው የሚመጣ። አሁን ካቋረጥኩት ከሀ ነው የምጀምረው። አብሽሪ እትዬ፣ ያልፋል።"

ለኔ ብላ ይሁን ለገሎቿ የቀረችው አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም።

ታጣቂዎቹ ከተማውን በያዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደኛ ሰፈር ወጡ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር፣ የሰማዩ ጥራት ዐይን የሚወጋበት ቀን። ሳፋዎቹ ጠዋት ቀይ ነበሩ፤ ያኔ ግን ሁሉም ጠርተዋል። በሩን አላንኳኩም። ወጣቶች ናቸው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። አለቃቸው በዕድሜ በሰል ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር።

"እናቴ፣ ውሃ አለ?" አለኝ።

ጀሪካን ውስጥ የቀረችንን አቀረብኩ። ለሁለት ሰው እንኳ አልበቃችም። የቀሩት ዐይናቸው መደቡ ላይ አረፈ። አንደኛው ኮዳውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ሳፋው ሄደ።

እንደኛው ሳትሸሽ የቀረችው ዘሀራ አጠገቤ ነበረች። የሰአዳን ቀሚስ ከኋላ ያዘች። "ዝም በይ ልጄ" አለቻት በሹክሹክታ። "ይጠጡት፤ አንቺ ምን አገባሽ?"

ሰአዳ ቀሚሷን አስለቀቀች። "ከዚያ አትጠጡ" አለች።

ልጁ ቆመ። አለቃው ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። "ለምን?"

"ቀለም ነበረበት።"

"አይታየኝም።"

"ጠፍቷል። መጥራት ሌላ፣ መንጻት ሌላ ነው። ያማችኋል።"

"ቀለሙን ምን አጠፋው?"

"ብርሃን። ከሥሩ ያለው ገል ብርሃኑን ይዞ ይሰባብረዋል።"

አለቃው ገሎቹን አየ። ቢጫ የተቀቡ የእንስራ ስባሪዎች ናቸው። ከዚያ በጣውላ የተከደነችውን ሳፋ አያት፤ ጣውላውን በጠመንጃው አፍ ገለጠው። ውሃው ቀይ ነበር።

"ይሄስ?"

"ምስክር ነው" አለች ሰአዳ።

"የማን ምስክር?"

"የሥራዬ።"

አለቃው ብርጭቆዋን ከመደቡ ላይ አነሳ። ከጠራው ቀዳ። ሰጣት። "አንቺ ጠጪው" አለ።

ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አነሳችው። ግራ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ልትጠጣው ነው ብዬ ነበር። መሬት ላይ ደፋችው።

"እኔም አልጠጣም፣ እናንተም አትጠጡ።"

"ንጹህ ነው ብትይ ኖሮ እንሄድ ነበር" አለ፣ የሚያዝንላት ይመስል።

"ብል ትጠጡት ነበር።"

ክፍሏን ፈተሹ። የቢጫውን ዱቄት ጠርሙሶች አወጡ። "ለጥያቄ ነው፣ ትመለሳለች" አለኝ አለቃው። ዘሀራ መሬት ላይ ተቀምጣ "ወላሂ ቀለም ነው! የኔ ቀለም ነው! ለአለላ ነው!" እያለች የተቀባ እጇን ታሳያቸዋለች። ማንም አላያትም።

ሰአዳ ሻሿን ዝቅ አድርጋ አሰረች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደኔ ዞረች። የምትሰናበተኝ መስሎኝ ነበር።

"እትዬ፣ የምስክሯን ክዳን መልሺው፣ ብርሃን እየገባባት ነው። የጠሩትንም ቀለም ጨምሪባቸው፣ ሰው እንዳይጠጣቸው።"

ሄዱ። በአስፋልቱ ላይ በመሀላቸው ስትሄድ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋት። ስትራመድ አትሰማም ነበር ብያለሁ። ያን ቀን የሚሰማው የነሱ ጫማ ብቻ ነበር።

ክዳኑን መለስኩ። ቀለሙን ጨመርኩ።

ታጣቂዎቹ ለቀው ሲወጡ ሙሄ ደሴ ፈለጋት፣ ኮምቦልቻ ፈለጋት፣ እስከ ወልዲያ ሄደ። አይቻለሁ የሚል ሰው እንኳ አልተገኘም። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ባልደረባዋ መጥቶ ሳፋዎቹን ዞሮ አየ። ጨዋ ልጅ ነው። "እናቴ፣ ከሄደች ወዲህ ስንት ጊዜ አጠራ?" አለኝ።

"አልቆጠርኩም። ማታ አቀላዋለሁ፣ በማግስቱ ይጠራል።"

"ቁጥር ከሌለ ማስረጃ አይሆንም" አለ አዝኖ።

"ምስክሯ አለች" አልኩትና ጣውላውን ገልጬ አሳየሁት። ቀይ ናት፣ እንደዚያን ቀኑ። ቶሎ ከደንኳት። ልጁ አንድ ሁለት ገል በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደ፤ የቀሩትን እዚሁ እንዲቆዩ ለመንኩት። እሷ ስትመጣ ከሀ እንዳትጀምር አስቤ ነበር።

ውሃው ሲጎድል እሞላለሁ። ቀለሙን ዘሀራ ታቀብለኛለች፤ በአጥሩ ላይ ጣሳውን ትሰጠኛለች። አሁን አሁን ዘግይቶ ነው የሚጠራው። ገሎቹ እየደከሙ ይሁን ደመናው ይሁን አላውቅም። እሷ ብትኖር አንድ ዐይኗን ጨፍና ትነግረኝ ነበር።

ጁምዓ ዕለት ሶላቱ ተሰገደ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከድንኳኑ ሥር ተቀመጥኩ። እናቷ እጄን ይዘውኝ ቆዩ፤ አላለቀሱም፣ እኔም አላለቀስኩም። የቀብር ሶላት ነው፣ ግን ከፊት የተቀመጠ ቃሬዛ የለም። ሰዉ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ሰገደ።

ሙሄ በባጃጅ ቤቴ አደረሰኝ። ያን ቀን ሳልጠይቀው ገባ። ቀትር አልፏል፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ እሱ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለ። በሩ ላይ ያለውን የማሰሮ ጣሳ እንደ ልማዱ አነሳ፤ ማሰሮው ባዶ ነበር፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር አልሞላሁትም። ጣሳውን እንደያዘ ሳያስብ ወደ መደቡ ሄደ። ማታውን ቀለም መጨመር ስለረሳሁ ውሃው እንደጠራ ነበር፤ ገሎቹ ከሥሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

"አትጠጣ" አልኩት።

ድምፄ ያሰብኩትን ያህል አልነበረም፤ ቀስ ያለ ነበር። ጣሳው ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ቆመ። ከዚያ ጣሳውን ማሰሮው ላይ መልሶ ደፋው።

ከቤት ውሃ አምጥቼ ሰጠሁት። ጠጣ። እኔም የዘሀራን ቀለም ቆንጥሬ ሳፋው ላይ በተንኩት። ቀዩ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ወረደና ገሎቹን ሸፈናቸው።

"እስኪጠራ ልቀመጥ?" አለ ሙሄ።

"ዘግይቶ ነው የሚጠራው" አልኩት።

በርጩማውን ወደ መደቡ ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ።